ሽቦ ሳይዘረጋ ስለሚደረግ መላላክ፤ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች

በኢሉባቦር የቡና ለቀማ በሚደርስበት ወራት እሸት ቡናውን ጭኖ ወደ ገበያ የሚወርድ ገበሬ ከቤቱ ሳይወጣ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይኸውም በዚያ ቀን የቡናው ዋጋ በመቱ ስንት፥ በጎሬ ስንት፥ በያዮም ስንት እንደ ዋለ ነው። እሸት ቡና እንደ በቆሎ በጎተራ ተቀምጦ መልካም ዋጋ የሚገኝበትን ቀን አይጠብቅም። ከተለቀመ በኋላ ከ8 እስከ 12 ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ካልተፈለፈለ መፍላት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ባለቡናው ገበያ ደርሶ የተነገረውን ዋጋ ባይወደው ጭነቱን ይዞ ለመመለስ አይችልም፤ ገዢውም ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች ሲገበያዩ አንደኛው የአራት ገበያ ዋጋ አውቆ፥ ሌላው ምንም ሳያውቅ ቢቀርብ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ መናገር አያሻም።

ይህን ልዩነት ለማቃለል ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ የሚበልጠው ሽቦ ሳይዘረጋ በአየር የሚሄደው መልእክት ነው። ዛሬ ራዲዮውም፥ የእጅ ስልኩም፥ በስልክ የሚከፈለው ገንዘብም የሚሠራው በዚሁ ነው። በዞንና በወረዳ ለተሾማችሁ፥ መሬት ይዛችሁ ቡናና እህል ለምታለሙም ሁሉ የአሠራሩን መሠረት ማወቅ የሚጠቅማችሁ መሐንዲስ እንድትሆኑ አይደለም። መልእክቱ በየትኛው ቀበሌ ደርሶ ከየትኛው እንደሚቀር የሚወስኑት ሦስት ነገሮች የኮረብታው አቀማመጥ፥ የኤሌክትሪኩ ኀይልና የአገሩ ሹም ሥራ ስለ ሆኑ ነው። የመጀመሪያውን እግዚአብሔር ሠርቶታል፤ ሁለቱ ግን በሰው እጅ ናቸው።

አስቀድሞ የነበረው ሽቦው ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1890 ዓ.ም. ገደማ ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋራ ያገናኘው የስልክ መስመር ሲዘረጋ ዝሆን ምሰሶውን ይገፋው፥ ምስጥ እንጨቱን ይበላው፥ ሰውም ሽቦውን ለአምባርና ለጌጥ እያለ ይቆርጠው እንደ ነበረ ይነገራል። ኋላም መስመሩ ወደ ምዕራብ ተስፋፍቶ እስከ ጎሬ ደረሰ። በደጋው ሜዳ ይህን ያህል ድካም ካስፈለገ፥ በኢሉባቦር ጫካ ውስጥ ሽቦ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስቸግር አገሩን ያየ ሰው ይረዳዋል። ጎሬ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ዛፍ ይወድቃል፥ ዛፍ በወደቀ ቁጥርም ሽቦ ይበጠሳል።

ወሬ ቀድሞ መስማት ለዚህ አገር ነጋዴ አዲስ ጭንቀት አይደለም። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ከተፈቀደ በኋላ የጎሬና የመቱ ቡና በቡሬ ቁልቁል እየወረደ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። መርከቡ ግን ወደ ጋምቤላ የሚደርሰው ባሮ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ብቻ ስለ ነበረ፥ የወንዙን ልክና የመርከቡን መምጫ ያላወቀ ነጋዴ ቡናውን ከነአጋሰሱ በበረሃ ያሳድር ነበር። ያ ንግድ ዛሬ የለም፤ ችግሩ ግን መልኩን ለውጦ በየገበያው ቆሟል።

አሁን ወደ ሞገዱ ነገር እንመለስ። ድንጋይ በኩሬ ውኃ ላይ ቢጣል ክብ ክብ እየሆነ የሚሰፋ ሞገድ ይነሣል። ውኃው ራሱ ከቦታው አይሄድም፤ የሚሄደው መነቅነቁ ነው። እንዲሁም ኤሌክትሪክ በአንድ የቆመ ሽቦ ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል እጅግ ፈጥኖ እንዲመላለስ ሲደረግ፥ በዙሪያው ባለው ጠፈር ላይ እንደ ሞገድ ያለ መነቅነቅ ይነሣና በየአቅጣጫው ይሄዳል። ይህ ሞገድ ለመሄድ አየር እንኳ አያስፈልገውም፤ ብርሃንም ከዚሁ ወገን ስለ ሆነ ፍጥነታቸው አንድ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከአዲስ አበባ እስከ መቱ በመኪና 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሞገዱ ግን ይህን ሁሉ መንገድ ለመጨረስ አንዱ ሰከንድ በሺህ ቢከፈል ሁለቱ ክፍል ይበቃዋል።

ይህን ነገር በመጀመሪያ በሥራ ያሳየው ሄርትዝ የተባለው የጀርመን ሊቅ ሲሆን ዘመኑም በኛ አቆጣጠር 1880 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሄርትዝ ለምን እንደሚጠቅም አላሰበበትም ነበር። ለመልእክት እንዲያገለግል ያደረገው የኢጣልያው ተወላጅ ማርኮኒ ነው፤ በታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር የተላከውን ምልክት ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ በኒውፋውንድላንድ ሆኖ መስማቱን አስታወቀ። ይህ የሆነው ስለ ጋምቤላ ውል በተደረገበት በዚያው ዓመት መሆኑ ይገርማል።

ሞገዱ ድምፅን የሚሸከመው እንዴት ነው ለሚል ሰው በቅሎና መልእክተኛን ማሰብ ይበቃዋል። በቅሎዋ ሞገዱ ናት፥ ቃሉን ያዘለው መልእክተኛ ድምፁ ነው። የሰው ድምፅ በማይክሮፎን አማካይነት ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጥና የሞገዱን ጉልበት ወይም የመመላለሱን ፍጥነት ጥቂት ጥቂት እያደረገ ይለዋውጠዋል። ተቀባዩ መኪና ደግሞ በቅሎዋን ከደጅ አስቀርቶ መልእክተኛውን ብቻ ወደ ቤት ያስገባል። በዛሬው ስልክ ድምፁ አስቀድሞ ወደ ቁጥር ይተረጎማል፤ ቁጥሩም 0 እና 1 ብቻ ነው። በመንገድ ላይ ጥቂት ቢደበዝዝ እንኳ 0 ከ1 ጋራ በቀላሉ ስለማይምታታ መልእክቱ ጥርት ብሎ ይደርሳል፤ ብዙ ሲደበዝዝ ግን እንደ ድሮው ራዲዮ እያንሾካሾከ አይቆይም፥ ፈጽሞ ይቋረጣል።

በአየሩ ውስጥ ብዙ ሞገድ ባንድነት እየሄደ ሳለ አንዱ ከሌላው የማይደባለቀው ለምንድር ነው? ክራር የሚመታ ሰው ይህን ያውቃል። ሁለት ክራሮች በአንድ ቅኝት ተቃኝተው ጎን ለጎን ቢቀመጡና የአንደኛው አውታር ቢመታ፥ በሌላው ክራር ላይ ያለው አቻው ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል፤ የቀሩት አውታሮች ግን ዝም ይላሉ። የራዲዮን ቁልፍ ማዞር ማለትም አውታሩን መቃኘት ነው፤ መሣሪያው ለተቃኘበት ሞገድ ብቻ ይመልሳል።

ሹማምንት ልታስተውሉት የሚገባው ዋና ነገር የሞገድ ርዝመት ነው። በሰከንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ርዝመቱ 300 ሜትር ይሆናል፤ መካከለኛ ሞገድ የሚባለው የራዲዮ ሞገድ ከዚህ ወገን ነው። በሰከንድ 900 ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለሰው የእጅ ስልክ ሞገድ ግን ርዝመቱ 33 ሳንቲ ሜትር፥ ከአንድ ክንድ ያነሰ ነው። ረጅሙ ሞገድ የምድሩን ገጽ ተከትሎ ጎንበስ ቀና እያለ ኮረብታን ይሻገራል። አጭሩ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ኮረብታ ይጋርደዋል፥ ውኃ ያዘለ ቅጠልም ያደክመዋል።

በመካከል ደግሞ አንድ ድንቅ ነገር አለ። ከምድር በላይ ከ100 እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሚሆን ከፍታ ፀሐይ አየሩን በኤሌክትሪክ የመላችው ንብርብር ይገኛል፤ አንዳንዱ ሞገድ እዚያ ደርሶ እንደ መስተዋት ተንጸባርቆ ወደ ምድር ይመለሳል። ቀን ቀን ከንብርብሩ በታች ያለው አየር መካከለኛውን ሞገድ ይውጠዋል፤ ሌሊት ግን መንገዱን ይለቅለታል። በመቱ ማታ ማታ የሩቅ አገር ጣቢያ በራዲዮ የሚሰማው ስለዚህ ነው እንጂ ባለጣቢያው ሲመሽ ኀይል ስለሚጨምር አይደለም።

ኢትዮጵያ ከዓለም የቴሌኮሙኒኬሽን ማኅበር አባል የሆነችው በ1924 ዓ.ም. ነው። ከጠላት ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ በአቃቂ የቆመው የራዲዮ ጣቢያ የአገራችንን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባሕር ማዶ አሰማ። በዚያው ጦርነት ግን የሽቦ አልባው ሌላ ጠባይ በብርቱ ዋጋ ታወቀ። በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ጦር ግንባር በራዲዮ የሚተላለፈውን የኢትዮጵያ መልእክት የኢጣልያ ጦር እየጠለፈ ያደምጥና ያነብ ነበር። ሽቦ የተዘረጋለት ቃል ወደ አንድ ቤት ብቻ ይገባል፤ በሞገድ የተላከ ቃል ግን መሣሪያ ላለው ሁሉ እኩል ይደርሳል። ይህ ዛሬም አልተለወጠም። የእጅ ስልክ ከማማው ጋራ ሲነጋገር ቃሉን በምስጢር ቁጥር ስለሚሸፍነው ይሻላል፤ ጥበቃዎችና የመኪና ተቆጣጣሪዎች በእጃቸው የሚይዙት ተራው የመነጋገሪያ ራዲዮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽፋን የለውም። ደመወዝ የጫነ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ በዚያ ራዲዮ መናገር በገበያ መካከል አዋጅ እንደ ማስነገር ነው።

መቱ በሽቦ አልባ ታሪክ የራሷ ድርሻ አላት። የኢትዮጵያ ራዲዮ በመካከለኛ ሞገድ ለምዕራቡ አገር የሚያሰማበት ጣቢያ በመቱ ቆሞ ነበር። ቦታው ለዚህ ሥራ መመረጡ ሊያስገርም አይገባም፤ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ከፍ ያለ ጫፍ አይፈልግም፥ እርጥብ መሬት ይወዳል። እርጥብ ምድር ኤሌክትሪክን በደኅና ስለሚያሳልፍ ሞገዱ ሳይደክም ምድር ለምድር ይሄዳል። በዝናብ የምትታማው ኢሉባቦር በዚህ በኩል ዝናቧ ጠቅሟታል።

የእጅ ስልክ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። በአገራችን አገልግሎቱ የተጀመረው በአዲስ አበባ በ1991 ዓ.ም. ሲሆን፥ ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በየክፍለ ሀገሩ እጅግ ተስፋፋ። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛ ሆኖ ገብቷል። አሠራሩም እንዲህ ነው። አገሩ እንደ ማር እንጀራ በትንንሽ ክፍሎች ይከፈላል፤ በየክፍሉም አንድ ማማ ይቆማል። የኪስ ስልክ ጉልበቱ ከ2 ዋት አይበልጥም፤ ይህ ከትንሽ የእጅ ባትሪ መብራት ብዙ የማይርቅ ነው። ስለዚህ ከመቱ አዲስ አበባ የሚጮህ ስልክ የለም፤ ስልኩ የሚነጋገረው በአቅራቢያው ካለው ማማ ጋራ ብቻ ነው። ማማው ቃሉን ተቀብሎ በሌላ መስመር፥ ማለት በቀጭን የመስተዋት ክር ወይም ከማማ ወደ ማማ በተተኮረ ሞገድ ወደ ማዕከሉ ይልከዋል። ሽቦ አልባ የምንለው ንግግር ሽቦ አልባ የሆነበት መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ስልኬ በገጠር ባትሪ ይጨርሳል ብሎ ሻጩን ሲወቅስ ይሰማል። ምክንያቱ ሌላ ነው። ማማው ሲርቅ ስልኩ እንዲሰማለት ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ይጮሃል፤ ሲቀርብ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ባትሪው በፍጥነት የሚያልቅበት ቀበሌ ማለት ማማ የራቀው ቀበሌ ማለት ነው፤ ይህንንም እንደ ቆጠራ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ስለ ማማ አቆም ሹማምንት ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ነገር ስላለ ጥቂት እንቆይበት። በሜዳ አገር 50 ሜትር ከፍታ ባለው ማማ ጫፍ ላይ ሆኖ አድማሱን ቢያዩት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከአካባቢው 400 ሜትር ከፍ ብሎ በሚታይ ሰንሰለት ላይ ያው ማማ ቢቆም አድማሱ ከ70 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጎሬ በሰንሰለቱ ላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ይዛ ትገኛለች፤ መቱ ከርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሶር ወንዝ ወገን 1600 ሜትር ላይ ዝቅ ብላለች። ጋምቤላ ደግሞ 526 ሜትር ላይ ናት። ስለዚህ ከጎሬና ከቡሬ ጫፍ ወደ ምዕራብ የሚያይ ማማ የባሮን ሜዳ እስከ ሩቅ ያገኘዋል።

ታዲያ ማማን ሁሉ በረጅሙ ጫፍ ላይ ማቆም ነው የሚሻለው? አይደለም። በመጀመሪያ ነገር፥ ተራው የድምፅ ስልክ ከማማው 35 ኪሎ ሜትር ካለፈ በሥርዓቱ መሠረት ሊያገለግል አይችልም፤ በኮረብታማ አገርም ከዚህ እጅግ ያንሳል። ሁለተኛው፥ በጫፍ ላይ ያለ ማማ ሩቁን ሲያይ ከእግሩ ሥር ያለውን አያይም። ገደል ሥር የተቀመጠ መንደር ሽቅብ ቢያይ ድንጋይ እንጂ ማማ አይታየውም። የጫፉ ማማ ከማማ ወደ ማማ ለመቀባበል ይጠቅማል፤ ሕዝቡን የሚያገለግለው ግን ሸለቆውን ፊት ለፊት የሚያየው፥ በመካከለኛ ከፍታ ላይ የቆመው ነው። በዲዱና በኖጳ ወገን እንዳለው ባለ ጥቅጥቅ ደንና በሸለቆ በተከፋፈለ አገር አንድ ትልቅ ማማ ከመጠየቅ ሁለት ትንንሽ መጠየቅ ይሻላል። ማማው በወረዳው መሥሪያ ቤት አጠገብ ካልሆነ የሚል ሹም ደግሞ ለራሱ ቢሮ እንጂ ለቡናው ገበያ አላሰበም።

«ዝናብ ሲጥል ኔትወርክ ይጠፋል» የሚለውም ቃል መመርመር አለበት። በእጅ ስልክና በማማው መካከል ያለውን ሞገድ ዝናብ ይህን ያህል አይጎዳውም። ዝናብ ብርቱ ጉዳት የሚያደርሰው ማማን ከማማ በሚያገናኘው፥ ርዝመቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር በሆነው ሞገድ ላይ ነው፤ የዝናቡ ጠብታ ሞገዱን ይውጠዋል፥ ይበትነዋልም። ከዚህ የሚበልጠው ግን የኤሌክትሪኩ መቋረጥ ነው። በመቱ አቅራቢያ በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1982 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ውኃ በሞላበት አገር ሆኖም መስመሩ በጫካ ውስጥ ስለሚያልፍ ዛፍ በወደቀ ጊዜ መብራቱ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ማማው በባትሪ፥ ባትሪው ሲያልቅ በናፍጣ ሞተር ይሠራል። የናፍጣ መኪና በጭቃ ከቆመ፥ ወይም ናፍጣው ተሰርቆ ከተሸጠ ማማው ዝም ይላል። በፀሐይ ኀይል የሚሠራውም ቢሆን በሐምሌ ደመና ይደክማል። እንግዲህ የመንገድ ጥገናና የማማ ጥበቃ የቴሌ ሥራ ብቻ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ በሽቦው ግራና ቀኝ ያለውን ቅርንጫፍ በጊዜው ማስቆረጥ ለወረዳው ቀላል ሥራ ነው።

ስለ ጥቅሙ ደግሞ እንናገር። በሕንድ አገር በኬራላ ጠረፍ ዓሣ አጥማጆች የእጅ ስልክ ከያዙ በኋላ የሆነው በጥናት ተጽፏል። ከባሕር ሳይወጡ የየወደቡን ዋጋ እየጠየቁ ወደ ተሻለው ስለሚሄዱ፥ ቀድሞ ገዢ አጥቶ የሚጣለው ዓሣ ቀረ፤ የአጥማጁ ትርፍ 8 በመቶ ያህል ሲጨምር ለበላተኛው ዋጋው 4 በመቶ ያህል ቀነሰ። ዓሣና እሸት ቡና ሁለቱም የማይጠብቁ ስለ ሆኑ ምሳሌው ለኛ ቅርብ ነው። ነገር ግን በአገራችን የተደረገ ጥናት ሌላውን ወገን ያሳያል፤ ብዙ ገበሬ ስልክ ቢይዝም ዋጋ ለመጠየቅ የሚያውለው ጥቂቱ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሚጠቅመውን ወሬ በስልኩ የሚያገኝበት ስፍራ ስለ ሌለ ነው። ስልኩን መያዝ ብቻውን ዋጋ አያሳውቅም።

ለምሳሌ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ የዕለቱን ዋጋ በስልክና በአደባባይ ሰሌዳ ማሳወቅ ጀመረ። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ዋጋው የሚነገረው በፈረሱላ፥ ማለት በ17 ኪሎ፥ ያውም ለተዘጋጀ ቡና ነው። የመቱ ገበሬ የሚሸጠው ደግሞ እሸት በኪሎ ነው። ከ6 ኪሎ እሸት 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ያህል ስለሚወጣ፥ አንዱ ፈረሱላ ከ100 ኪሎ እሸት ጋራ ይቀራረባል። እንግዲህ የፈረሱላውን ዋጋ ለ100 አካፍሎ፥ ከዚያ ላይ የመፈልፈያውን፥ የማጓጓዣውንና የነጋዴውን ተገቢ ትርፍ ቀንሶ የሚቀረውን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በገበያው በር ላይ በየጧቱ የሚጽፍ አንድ ጸሐፊ ቢገኝ፥ ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። ስልክ ያለው ያነበዋል፥ ስልክ የሌለውም ይሰማዋል።

ከዋጋ በቀር የተባይ ወሬ አለ። በየካቲት 2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ከኢሉባቦር ድንበር በታች በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ ነው። የዚህ ተባይ የእሳት ራት በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሊበር ይችላል። በእግር የሚሄድ መልእክተኛ፥ በደብዳቤ የሚጻፍ ማስታወቂያም አይቀድመውም። በሞገድ የተላከ ቃል ግን የእሳት ራቱ ክንፉን ሳይዘረጋ ይደርሳል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. በ8028 ቁጥር የከፈተው ነፃ የስልክ መስመር ለገበሬው በራሱ ቋንቋ የእርሻ ምክርን ለማሰማት የታሰበ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው የሚነገር ቃል ከሚጻፍ ይሻለዋልና ይህን ቁጥር በየቀበሌው ስብሰባ ማስታወቅ ይገባል።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው በቴሌብር ቡናን ሸጦ ገንዘብን በስልክ መቀበልም እየተለመደ ነው። ጆንያ ሙሉ ብር ይዞ በጫካ መንገድ ከመሄድ ያድናል፤ ማማው ዝም ባለ ቀን ግን ገንዘቡም አብሮ ዝም ይላል። በ2012 ዓ.ም. በጎረቤታችን በወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሳለ የታየው ይኸው ነው፤ ሥራውን ሁሉ በስልክ ላይ ብቻ ያቆመ ሰው እጁ ይታሰራል። ስለዚህ ከስልኩ ጋራ በባትሪ የሚሠራ ተራ ራዲዮ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይኑር። ራዲዮ ማዳመጥ ከማማ ፈቃድ አይጠይቅም።

ማማ ሊቆም ሲል ከሕዝቡ የሚነሣው ፍርሃትም መልስ ይፈልጋል። ማማው ሰውን ያሳምማል፥ ንቡን ያጠፋል የሚል ወሬ በማር አገር ቀላል አይደለም። የራዲዮ ሞገድ እንደ ራጅ ጨረር የሰውነትን ቅንጣት የሚሰብር ኀይል የለውም፤ ሲበዛ የሚያደርገው ማሞቅ ነው። ኀይሉም በርቀት ፈጥኖ ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኀይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። በማማው ሥር የቆመ ሰው ከማማው የሚደርሰው ሞገድ፥ በጆሮው ላይ የደገነው ስልክ ከሚሰጠው ያንሳል። ንብን የሚገድለውን ለሚጠይቅ ደግሞ ቡና ወይም በቆሎ ሲያብብ በጠራራ ፀሐይ የሚረጨውን የተባይ መድኃኒት ማሳየት ይበቃል። ሰዉን ግን በመሳቅ አትመልሱት፤ ከማማው ይልቅ የሚያስቆጣው ብዙ ጊዜ ስለ መሬቱ ካሣ ሳይነገረው አጥሩ መፍረሱ ነው።

አዲስ ማማ እንዲቆምላችሁ ስትጽፉ «ወረዳችን ኔትወርክ የለውም» ብሎ መጻፍ ብቻ ለመሐንዲሱ ምንም አይነግረውም። ስልክ የሚይዝበትን ጉብታና የሚጠፋበትን ሸለቆ እረኞች ከማንም ይልቅ ያውቁታልና ጠይቃችሁ በስም ጻፉ። በየገበያውም አንድ መዝገብ ተከፍቶ ስልክ የተቋረጠበት ቀን፥ የተቋረጠበትና የተመለሰበት ሰዓት፥ በዚያን ጊዜ መብራት ኖሮ እንደ ሆነና ዝናብ ይዘንብ እንደ ነበረ ይጻፍበት። መብራት እያለ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ ጉድለቱ ከማማ ወደ ማማ ባለው መስመር ነው፤ መብራት በጠፋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚቋረጥ ከሆነ ባትሪው አርጅቷል። ዝናብም ሳይኖር፥ መብራትም ሳይጠፋ ሁልጊዜ የማይሰማበት ቀበሌ ቢገኝ ግን የሚጋርደው ኮረብታው ነውና አዲስ ማማ የሚጠየቀው ለዚያ ነው። የሦስት ወር መዝገብ ከማመልከቻው ጋራ ተያይዞ ይላክ፤ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ያለው ቢሆን ይመረጣል።